ፈረሱን ማን ጠየቀው?

የሃይማኖትን አመጣጥ እናብራራለን ብለው የተነሱት የመጀመሪያዎቹ አንትሮፖሎጂስቶች አብዛኞቹ ከወንበራቸው ሳይነሱ ነው የጻፉት። ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጥንት ሰው ሕልምንና ሞትን ሊረዳ ሲሞክር ከሥጋ የተለየች ነፍስ አለች ብሎ ደመደመ፤ ሃይማኖትም ከዚያ ጀመረ ይለናል። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1965 እንዲህ ያለውን አካሄድ «እኔ ፈረስ ብሆን ኖሮ» የሚል ስህተት ነው ብሎ ተቸው። ፈረሱ የጠፋበት ሰው ራሱን በፈረሱ ቦታ አድርጎ «የት እሄድ ነበር?» ይላል። የሚያገኘው ግን የራሱን ሐሳብ ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ «ፈረስ» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ ፈረስ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ከማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ገብቶ ወራት ተቀመጠ። አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት የባለዛሯን የመልካም አየሁን ቤት ደጅ ጠና። ከዚያ ቆይታ በ1934 የታተመው የጉዞ ማስታወሻውና በ1958 የታተመው የዛር ጥናቱ ወጡ።

ጥናቱ ዛርን ውሸት ነው አይልም። ዛሮቹን ሰው እንደየሁኔታው እንደሚለብሳቸው ባሕርያት ያያቸዋል፤ ድርጊቱንም «የሚኖሩት ቴአትር» ብሎ «ከሚጫወቱት ቴአትር» ይለየዋል። ይሄ ብዙ ያሳያል። ሚስት በራሷ አፍ ብትጠይቅ «ምን ሆነሻል?» የምትባልበትን ነገር ዛሯ ሲጠይቅ ባል ይሰማል። ሃይማኖት በባህል ውስጥ ምን ይሠራል ለሚል ሰው፣ እዚህ ላይ በደንብ የሚታይ ሥራ አለ።

እኔን የሚቆረቁረኝ «ቴአትር» የሚለው ቃል ነው። ቴአትር ተመልካች ይፈልጋል። ዛር ቤት ግን ዝም ብሎ የሚያይ የለም፤ ይጨበጨባል፣ ይዘፈናል፣ ቡና ይፈላል፣ ዛሩ «ምን ትፈልጋለህ?» እየተባለ ይለመናል። እንደ ተመልካች የተቀመጠው ማስታወሻ ደብተር የያዘው ሰውዬ ነው። እሱም ቢሆን ለዛር የሚታረደውን ከብት ገዝቶ አቅርቧል፤ በ1934ቱ መጽሐፍም ባለዛሮችን ከማጥናት ይልቅ ዛር ቢሰፍርበት እንደሚመርጥ ይናገራል። በ1958ቱ ይህ የሚጓጓ ሰው ደብዝዟል፤ ቀዝቃዛ ሊቅ ተተክቷል።

ያው የጥናት ቡድን በዚያው ዘመን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንስቶ፣ ግልባጭ ተክቶ፣ ወደ ፓሪስ ወስዷል። የሚጸለይበት ነገር እዚያ ሲደርስ የሙዚየም ዕቃ ሆነ። «ቴአትር» የሚለው ቃልም በዛር ላይ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል ባይ ነኝ፤ ከሚለምኑት ሰዎች ነጥሎ ለሚያዩት ያቀርበዋል።

ዛሬ መንፈስ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ሥር «አክቲንግ ነው» ብለን የምናልፈው እኛም እዚያው ተመልካች ወንበር ላይ ነን። «እውነት ነው ወይስ ድራማ?» የተመልካች ጥያቄ ነው። የፈረሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሰፈረብኝ ምን ይፈልጋል? በምን ይታረቀኛል? ሌሪስን የምታነቡ ከሆነ በ1934ቱ ጀምሩ። እዚያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ከወንበሩ ሊነሳ ይታገላል።