በሌስተር የሄሊኮፕተር አደጋ ስለ ተጻፈው የመጀመሪያ ወሬ

ሄሊኮፕተር ሲነሣ በወደቀ ጊዜ በማግሥቱ የሚወጣው የጋዜጣ ወሬ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ ያቀርባል፤ ይኸውም ሰው ያየውንና ካየው ተነሥቶ የገመተውን ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በኦክቶበር 27 ቀን 2018 በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ አንድ ሄሊኮፕተር ከእግር ኳስ ሜዳ ተነሥቶ 430 ጫማ ያህል ከወጣ በኋላ ወደ ቀኝ እየተሽከረከረ ወደቀ። የክበቡ ባለቤት ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ ጭምር በውስጡ የነበሩት 5 ሰዎች ሞቱ።

የዓይን ምስክሮች ድምፁ እንደ ጠፋና ሄሊኮፕተሩ እንደ ተሽከረከረ ተናገሩ። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ሞተሩ ጠፍቶ ይሆናል ሲል፥ ሌላው የጅራቱ ተሽከርካሪ ክንፍ ቆሟል አለ። መሽከርከሩ በእርግጥ የታየ ነው፤ የክንፉ መቆም ግን ከመሽከርከሩ የተገመተ ነው። የጅራቱ ክንፍ እየዞረ እንኳ የስለቶቹ ማዕዘን ከአብራሪው ትእዛዝ ከወጣ፥ የዋናውን ክንፍ ጉልበት የሚቃወም ስለማይኖር አካሉ ራሱ ይዞራል። በመነሻ ላይ ፍጥነት ስለሌለ የጅራቱ ቀጥ ያለ ክንፍ ከነፋሱ የሚያገኘው እርዳታ ጥቂት ነው።

የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪ ክፍል አነጋገር ከዚህ ይለያል። በኖቬምበር 14 ያወጣው ጽሑፍ መዞሩ ለፔዳሉ ትእዛዝ አለመታዘዙን ተናግሮ ምክንያቱን ተወው። በዲሴምበር 6 የጅራቱ መቈጣጠሪያ ዘንግ ከመያዣው መላቀቁን ገለጸ። ኩሽኔታው ተበላሽቶ ዘንጉን እንዳዞረው፥ ዘንጉም ከዳዶው እንደ ተፈታ በሙሉ የተተረጐመው ግን በሴፕቴምበር 6 ቀን 2023 ነው። አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው!

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስለ አብራሪው የተጻፈው ነው። ሄሊኮፕተሩን ሆን ብሎ ከሕዝቡ አራቀው ተብሎ ተመሰገነ። ጸሐፊዎቹ ክፉ አላሰቡም፤ ነገር ግን ይህ ምስጋና አብራሪው መምራት ይችል ነበር በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። በዚሁ ግምት ነገ ሌላው ሟች አብራሪ ይወቀስበታል፤ እርሱም መልስ የሚሰጥበት አፍ የለውም። የመጨረሻው ዘገባ አብራሪው የሚገባውን ማድረጉንና አደጋው ግን ሊመለስ የማይችል እንደ ነበረ ገልጿል። ይህም ክብር ነው፤ ከጋዜጣው ውዳሴ ግን የተለየ ነው።

ያው ዘገባ ከአገልግሎት የወጡ ኩሽኔታዎችን መርምሮ ጉዳታቸውን እንዲያውቅ ሠሪውን የሚያስገድድ ደንብ እንዳልነበረ አመልክቷል። ይህን ከሜዳው አጠገብ የቆመ ምስክር፥ ዓይኑ የቱንም ያህል ቢያይ፥ ሊነግረን አይችልም ነበር።