ቁና ቁና የሚተነፍስ በሽተኛ

ከሐምሌ እስከ ኅዳር በመተማና በቋራ ቆላ ተረኛ የሆነ የጤና ባለሙያ ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው በበሽተኛው ደረት ላይ ነው። ትኩሳቱን ቴርሞሜትር ይነግረናል፤ ወባውን ጣት ወግተን እናገኘዋለን። ደሙ ምን ያህል አሲድ እንደበዛበት የሚለካ ማሽን ግን በቆላ ጤና ጣቢያ አይጠበቅም። ያለን የበሽተኛው ትንፋሽና የእጅ ሰዓት ነው።

ለሰሊጥና ለጥጥ አረም፣ ኋላም ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አብዛኛው ደገኛ ስለሆነ ሰውነቱ ወባን አልለመዳትም። ዋልካው ሲጨቀይ መኪና አይገባምና በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ ይመጣል፤ ያውም ከታመመ ሁለት ሦስት ቀን አልፎት። ጓደኛው “ደክሞት ነው፣ ሲያርም ሰንብቶ ነው” ይላል። ካቦው ደግሞ ቸኩሏል፦ “ግሉኮስ ስቀሉለትና ይነሣ።”

የጓደኛውን ቃል አልንቀውም። ጡንቻ ከሚደርሰው ኦክስጅን በላይ ሲሠራ ላክቲክ አሲድ ያፈራል። እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው፤ ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1780 ለይቶ ያወጣውም ከኮመጠጠ ወተት ነበር። ባረፈ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የዚህ አሲድ ጨው፣ ላክቴት፣ በሊትር ከ2 ሚሊሞል እምብዛም አይበልጥም። ከባድ ሥራ ላይ ከ10 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ሰውየው ካረፈ ግን በአንድ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የደከመ ሰው ጥላ ሥር ሲቀመጥ ትንፋሹ ይመለሳል። ተሳቢ ላይ ተኝቶ ግማሽ ቀን የተጓዘ ሰው አሁንም ቁና ቁና የሚተነፍስ ከሆነ ግን አረሙን አታመካኙ።

ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የገባበት ቀይ የደም ሕዋስ በትናንሾቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። መንገዱ ሲዘጋ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰውነት ክፍል ኦክስጅን ያጣል። ተውሳኩ ራሱም ስኳር በላተኛ ነው፤ ስኳሩን እየጨረሰ አሲዱን ይተፋል። ጉበትና ኩላሊት ሲደክሙ ደግሞ የሚጠርገው ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ላክቴት 5 ሚሊሞል ከደረሰ ወባው ከባድ ነው ብሎ ይቆጥራል። ሰውነት ያን ጊዜ ፈጥኖ የሚከፍተው በር ሳንባን ነው፤ ካርቦንዳይኦክሳይዱን እየገፋ አሲዱን ለማቃለል ይታገላል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1874 በስኳር ሕሙማን ላይ አይቶ የጻፈው ጥልቅ ትንፋሽ ይኸው ነው።

ሸሚዙን ከፍቼ ሙሉ አንድ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤ ሠላሳ ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አልወድም። ከቁጥሩ ይልቅ የምከታተለው ጥልቀቱን ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሰው ትንፋሹ አጭርና ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሲያስለው ጎኑን ይይዛል፣ በማዳመጫው ሳንባው ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። አሲድ የበዛበት ሰው ግን ደረቱም ሆዱም እስከ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ ሳንባው ሲደመጥ ንጹሕ ነው። ከዚያ የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭኜ እለቃለሁ። የነጣው ሥፍራ ለመቅላት ከ3 ሴኮንድ በላይ ከወሰደበት ደሙ ዳር ዳሩን እየደረሰ አይደለም። ስኳሩንም እዚያው እለካለሁ። የሚወላገድና የሚቀባጥር ሠራተኛ “አረቄ ጠጥቶ ነው” ተብሎ ጥግ ላይ እንዲተኛ ሲደረግ፣ ስኳሩ ከ40 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው የሚያስፈልገው 40 በመቶው ግሉኮስ ነው፣ አሁኑኑ።

ካቦው “ግሉኮስ” የሚለው ግን የተሰቀለውን ከረጢት ሁሉ ነው። አገሩም እንዲሁ ነው የሚለው፤ ያልተሰቀለለት በሽተኛ ያልታከመ ይመስለዋል። ሙያው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የሱዳን ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲነሣ በመተማ በኩል ስደተኛው ጎረፈ፤ በዚያው ክረምት ኩመር መጠለያ ኮሌራ ገባ። በኮሌራ የተጎዳውም ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ደሙም አሲድ በዝቶበታል። እሱን የሚያድነው ፈሳሽ ነው፣ ያውም በጥድፊያ፦ ለአዋቂ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በ3 ሰዓት ውስጥ። የሚሰጠው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴት ስለሆነ ተማሪዎች ላክቴቱን አያባብስበትም ወይ ይላሉ። አያባብስም፤ ጉበት ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል።

የወባውን በሽተኛ እንዲያ ካጥለቀለቅነው ግን ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። ደም ሥሩን የዘጋው የተጣበቀው ሕዋስ ስለሆነ፣ ፈሳሽ ቢጨመር መንገዱ አይከፈትም። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ በጠና በታመሙ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጥናት ብዙዎቻችንን አስደንግጦ ነበር፦ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶው ከ10 በላይ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው ከመቶው 7 ያህሉ ነበሩ የሞቱት። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው አንድ ዓይነት ሲተነፍሱ፣ ለአንዱ ከረጢቱን እጨምቃለሁ፤ ለሌላው ጠብታውን እቆጥራለሁ። የሚለያቸው የጎደጎደ ዓይን፣ ቆንጥጠው ሲለቁት የማይመለስ ቆዳና የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ነው። ባይካርቦኔት ወግቶ አሲዱን ለማርከስ መቸኮልንም አልደግፍም፤ ምክንያቱ እስካለ አሲዱ መመረቱን አያቆምም።

ትኩሳት የሌለው አሲድም አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 2005 በኋላ ስታቩዲን የሚወስዱ ሕሙማን ነበሩ። ክሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ጥልቅ ትንፋሽ፤ መድኃኒቱ የሕዋሱን ሞተር ጎድቶት ኦክስጅን እያለ አይጠቀምበትም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ። ዛሬ የምጠይቀው ስለ ስኳር በሽታው መድኃኒት ስለ ሜትፎርሚን ነው፣ በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሲሆን።

ወባውን የሚያክመው አርቴሱኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የእስያ ጥናት ከኩዊኒን ይልቅ ሞትን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ኩዊኒን ደግሞ ያለቀውን ስኳር ጨርሶ ያወርዳል። ከእርሻ ካምፕ አቅራቢያ ለምትሠሩ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ፦ እንዲህ የሚተነፍስ የወባ በሽተኛ ስታገኙ፣ ወደ ገንዳ ውሃ ወይም ወደ ጎንደር ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያዋን አርቴሱኔት ጡንቻው ላይ ስጡት፤ በኪሎ 2.4 ሚሊግራም። የትንፋሹን ቁጥርና የሰጣችሁበትን ሰዓትም በመላኪያ ወረቀቱ ላይ ጻፉልን።