ማረም

በሲሪንቃ የተማሪዎችን የግድግዳ ጋዜጣ ለዓመታት አርሜያለሁ። ጥቂት ትልልቅ ወረቀት፣ ሁለት ማርከር፣ አንድ ጥቅል ፕላስተር፤ ማተሚያ ቤታችን ይኸው ነው።

ወደ ጋዜጣ ክበባችን የሚመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያምረው አገር የሚያነጋግር ሐተታ መጻፍ ነው። አልፈርድበትም። የተማሪ ጋዜጣ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለን «ስትራግል» ነው፤ የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሳበት። ከዚያ በፊት ግን ኢየሱሳውያን ካህናት ይመሩት በነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የሚባል ጋዜጣ ነበራቸው። የስሙን ቅደም ተከተል እወደዋለሁ፦ ዜና፣ ቀጥሎ አስተያየት።

ይህን አጥብቄ የያዝሁት ከአንድ ጥፋት በኋላ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ አቀንጭራ ስለሚባለው አረም ጻፈ። ከመንገድ ያየውን የማሽላ ማሳ ጠቅሶ፣ ባለቤቱ በወቅቱ ባለማረማቸው ሰብሉ ተበላ አለ። ስም አልጠራም፤ ግን «ከወንዙ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር» ከተባለ በእኛ አገር ማን ይጠፋዋል? እኔም ፊደሉን አርሜ አስለጠፍኩት። ሰውየውን ጠይቀሃል ወይ አላልኩትም።

በማግስቱ ባለማሳው መጡ። አልተቆጡም። «መምህር፣ ልጁን ይዘኸው ና።»

ሄድን። ጎንበስ ብለው አንድ ማሽላ ከነሥሩ ነቀሉና አፈሩን አራገፉ። ሐምራዊ አበባዋን ያወጣችው አቀንጭራ ሥሯን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቃለች። «ብቅ ስትል እኮ በልታ ጨርሳለች፤ ሦስት ጊዜ አርሜያለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። አቀንጭራ ዋናውን ጉዳት የምታደርሰው ገና ከመሬት በታች ሳለች ነው፤ ዘሯም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል። እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉ የሚቋቋሟት የማሽላ ዝርያዎች ያስፈለጉት ለዚህ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ደጃችን ላይ እያለ በእግራችን ሄደን አለመጠየቃችን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ማስተካከያውን ልጁ ራሱ ጻፈው፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን። ከዚያ ወዲህ ማንን እንደጠየቀና የት ቆሞ እንዳየ ከጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት አልቀበልም።

በገበያ ቀን ሰውየው ሴት ልጃቸውን አስከትለው መጥተው ከግድግዳው ፊት ቆሙ። እያነበበች አሰማቻቸው።

«‹ሦስት ጊዜ አርመዋል› የምትለዋን ድገሚልኝ» አሏት።