ጃንጥላና ተልባ

እስኪ ስሙኝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቴ መቀመጫ ጠፍቷል። ወንበሩ ላይ፣ አልጋው ራስጌ፣ በመስኮቱ በኩል በወጠርኩት ሲባጎ ላይ፣ የትም ብትዞሩ የሚደርቅ ሥዕል ነው። ይህን ሁሉ ያተምሁት በአንድ የተሰበረ ጃንጥላ፣ በእንጨት ማንኪያና ከቆሻሻ ላይ ባነሳሁት የወለል ንጣፍ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ንጣፉ ሊኖሊየም ይባላል። አንድ አሮጌ ቢሮ ሲታደስ ተገንጥሎ ተጥሎ ነው ያገኘሁት። ጀርባው ጆንያ ነው። ስቆርጠው አፍንጫዬን አንድ የማውቀው ሽታ መታው፤ የተልባ ዘይት! ባጣራ ለካ እውነት ኖሯል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን የተልባ ዘይት ቀለም ጣሳ ላይ ደርቆ የሠራውን ቆዳ አይቶ፣ የደረቀውን ዘይት ከቡሽ ብናኝ ጋር ለውሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 የፈጠራ መብት አወጣበት። ስሙም በላቲን «ተልባ» እና «ዘይት» ማለት ነው። በጾም በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ እኮ ነው፣ ሰዎች! (የፕላስቲክ ምንጣፍም ይሆናል ይላሉ። ሞክሬዋለሁ፤ ይሆናል፣ ግን ሽታ የለው፣ ወዝ የለው።)

መቅረጫውስ? የጃንጥላን ሽቦ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙው ድቡልቡል አይደለም፤ እንደ ጣሪያ አሸንዳ መሐሉ ጎድጓዳ ነው። ጣት የምታህል ቆርጬ፣ ጫፉን በሞረድ አሹዬ፣ ከመጥረጊያ እንጨት እጀታ ሰካሁለት። ብረት ስስል ውዬ ሥዕል ስስል አመሸሁ! ሊኖሊየም ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ እንጀራ ተጋግሮ ካበቃ በኋላ ለብ ባለው ምጣድ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ጥቂት አሳርፈዋለሁ። ከዚያማ እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተጠቀለለ ይነሳል። ግራ እጃችሁን ብቻ ከስለቱ ፊት አታድርጉ፤ ሌባ ጣቴ ላይ ያለው ፕላስተር ይመስክር።

ለቀለም መለቅለቂያ የሊጥ መዳመጫ ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ አለበስኩ። ቀለሙ ከማተሚያ ቤት ጣሳ ሥር የተፋቀ ትርፍራፊ ነው። መስተዋት ላይ ሳሽከረክረው መጠኑን በጆሮ አውቃለሁ፤ ልክ ሲሆን ቅቤ ድስት ውስጥ እንደሚንጫጫ ድምፅ ያሰማል። ወረቀቱን አልብሼ ጀርባውን በማንኪያው እሻለሁ፣ እሻለሁ፣ ከዚያ ከጥግ ይዤ ቀስ ብዬ ስገልጠው... ወይ ጉድ! የመጀመሪያዬ «ሰላም» የሚል ጽሑፍ ነበር። ገልብጦ መቅረጽ እንደሚያስፈልግ ማን ነገረኝ? «ላ» እና «ም» ፊታቸውን አዙረው ወጡ፤ ሁለት ጎኗ እኩል የሆነው «ሰ» ብቻ ቀጥ ብላ ታየችኝ።

ደግሞ የድሃ መጫወቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ፒካሶ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ቫሎሪስ፣ አንዱን ሊኖሊየም ደጋግሞ እየቀረጸ በየቀለሙ ያትምበት ነበር። የናሚቢያው ጆን ሙዋፋንጌጆ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይዞ ሙሉ ታሪክ ይተርክበት ነበር፤ ሥራዎቹን አይቼ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ያለኝ ችግር አንድ ብቻ ነው፤ የጃንጥላዬ ሽቦ አልቋል። ክረምቱም ገብቷል። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር መስኮት ላይ ቆሜ የጎረቤቶቼን ጃንጥላ እከታተላለሁ፤ አንዱ ሲገለበጥ ሮጬ እወርዳለሁ።