ጭቃና ውበት፤ ስለ «እሑድ በሲኦል» ፊልም የቀረበ ሂስ

ጭቃ ለሥነ ጽሑፍም ሆነ ለሲኒማ አስቸጋሪ ርእስ ነው። የማያውቀው ሰው ሲጽፍበት ጌጥ ያደርገዋል፤ በውስጡ የኖረው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሊጽፍበት አይወድም። በሰሜን ፈረንሳይ በየዓመቱ ስለሚደረገው የፓሪስ–ሩቤ የቢስክሌት ውድድር የሚቀርቡትን ሥዕሎችና ጽሑፎች ስንመለከት ይህ ችግር ጎልቶ ይታየናል። ፊቱ በጭቃ ተለስኖ ዐይኑና ጥርሱ ብቻ የሚያበሩ ነጂ በሥዕል ይቀርባል፤ ከሥዕሉም ሥር ስለ ጭቃው ውበት ብዙ ይባላል። እኛም ስለዚህ ውድድር ከተሠሩት ፊልሞች መካከል በእጅጉ የታወቀውን የዴንማርካዊውን ባለቅኔ የዮርገን ሌትን ሥራ ይዘን፥ ጭቃ ውብ የሚሆነው መቼና ለማን እንደ ሆነ ለመመርመር እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ውድድሩ የተጀመረው በ1896 ነው። ሩቤ የታወቀች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ነበረችና፥ ሁለት ባለፋብሪካዎችዋ ያሠሩትን የቢስክሌት ሜዳ ለማስተዋወቅ ያቋቋሙት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈው ዮሴፍ ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ነበር። «የሰሜን ሲኦል» የሚለው ቅጽል ከመንገዱ ክፋት የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ የወጣው በ1919፥ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ውድድሩን እንደ ገና ለመቀጠል መንገዱን ሊመለከቱ የሄዱ ሰዎች፥ ዛፉ ተቃጥሎ፥ መንደሩ ፈርሶ፥ ምድሩ በመድፍ ታርሶ ባገኙት ጊዜ ጋዜጠኞች ይህን ስም ሰጡት። እንግዲህ ዛሬ የጨዋታ ስም የሆነው ቃል በመነሻው የሐዘን ቃል ነበር።

ሌት ፊልሙን ያነሣው በ1976 በተደረገው ውድድር ላይ ነው። በአገሩ ቋንቋ የሰጠው ርእስ «የጸደይ ቀን በሲኦል» የሚል ሲሆን፥ በሌላው ዓለም የታወቀው «እሑድ በሲኦል» በሚለው ስም ነው። ብዙ ካሜራዎች በመንገዱ ላይ አቁሞ፥ በሄሊኮፕተርም ጭምር እየተከተለ፥ አንዱን ቀን ከማለዳ እስከ ማታ ያሳየናል። ተወዳዳሪዎቹ ቁርሳቸውን ሲበሉ፥ የጋዜጣ ማተሚያ ሠራተኞች አቤቱታቸውን ለማሰማት መንገዱን ዘግተው ውድድሩን ሲያስቆሙ እናያለን፤ መዘምራንም የውድድሩን ስም እየደጋገሙ ሲያዜሙት እንሰማለን። ኤዲ መርክስ፥ ሮዤ ደ ቭላሚንክ፥ ፍራንቼስኮ ሞዘር የተባሉት የዘመኑ ስመ ጥሮች በፊታችን ያልፋሉ። ያሸነፈው ግን ከእነዚህ አንዱ አልነበረም። አለቃው ፍሬዲ ማርተንስ ወድቆ ከውድድሩ ሲወጣ፥ እርሱን እንዲረዳ የተሰለፈው ማርክ ደመየር ለራሱ መጋለብ ጀመረና ድሉን ወሰደ። ይህን ደራሲ ፈጥሮት ቢሆን ኖሮ «ነገሩ እውነት አይመስልም» ብለን በነቀፍነው ነበር።

የሚያስገርመው፥ በዚያ ቀን ዝናብ አለመዝነቡ ነው። መንገዱ ደርቆ ስለ ነበር በጭቃው ፋንታ የአቧራ ደመና ተነሣ። ሌት ሲኦልን ሊያነሣ ሄዶ ጭቃውን ባያገኝ ጊዜ አቧራውን እንደ ነበረ ተቀበለው፤ በድምፅም ሆነ በንግግር ከሆነው በላይ ሊያጋንነው አልሞከረም። ለአንድ የሥነ ጥበብ ሰው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው ብለን እናምናለን። ፊልሙ የሚጀምረው አንድ መካኒክ ቢስክሌት ሲያጸዳና ሲያስተካክል በማሳየት ነው። የሚያበቃውም ተወዳዳሪዎቹ ሩቤ ደርሰው፥ በሲሚንቶ በተከፋፈለው አሮጌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆመው የቀኑን አፈር ከገላቸው ሲያጥቡ በማሳየት ነው። አፈሩ በሁለት መታጠቦች መካከል የሚገኝ የአንድ ቀን እንግዳ ነው። ነጂው ወደ እርሱ የገባው ወድዶ ነው፤ ማታም ውሃ ይጠብቀዋል። የፊልሙን ምስጢር የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። ጭቃ ለዐይን ውብ የሚሆነው ወድዶ ለገባበትና ታጥቦ ለሚወጣው ሰው ነው፤ ሌትም መታጠቡን ሳይደብቅ ስላሳየን አላታለለንም።

ከዚህ ጋር በ2021 የተደረገውን ውድድር ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። በወረርሽኙ ምክንያት ከጸደይ ወደ ጥቅምት ወር መባቻ ተዛውሮ ስለ ነበር፥ ከ2002 ወዲህ ያልታየ ዝናብና ጭቃ ገጠመው። የወንዶቹ ጉዞ ወደ 258 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ 55 ኪሎ ሜትር ያህሉ በእርሻ መካከል በሚያልፍ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ነበር። ይህ ንጣፍ ዛሬ በከተሞቻችን ኮብልስቶን ከምንለው የሚመሳሰል ቢሆንም፥ ድንጋዩ ሸካራና እኩል ያልሆነ፥ መካከሉ እንደ አህያ ጀርባ ያበጠ ነው። ከማሳው የሚወርደው ጭቃ ድንጋዩን ቅባት እንደ ተቀባ ያደርገዋል፤ ፍሬን በድንገት የያዘ ይወድቃል፥ መሪውንም አጥብቆ የጨበጠ እጁ ይላጣል። በዚያው ዓመት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደሩ ያሸነፈችው እንግሊዛዊቱ ሊዚ ዴይግናን፥ መሪዋ በደም ታልቦ ነበር የደረሰችው። በማግስቱ ያሸነፈው ኢጣልያዊው ሶኒ ኮልብሬሊም በሣሩ ላይ ተዘርሮ ጮኸ። እነዚህ ሥዕሎች ዓለምን የዞሩት በእውነት ስለሚያስደንቁ ነው፤ እኛም አድንቀናቸዋል። ነገር ግን የጭቃውን ፊት ከመታጠቢያው ቤት ለይተው ብቻውን ስለሚያቀርቡት፥ የሌት ፊልም የሚነግረንን ግማሹን እውነት ያስቀሩታል።

ፊልሙንም ያለ ነቀፋ አናልፈውም። ባላገሩ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሞላ ጎደል ከመንገድ ዳር የቆመ ተመልካች ብቻ ነው። መንገዱ ግን የእርሱ ነው፤ የእርሻውን ምርት ጭኖ የሚመላለሰው በዚሁ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የየመንደሩ ሹማምንት መንገዳቸውን አስፋልት ማልበስ በጀመሩ ጊዜ፥ የውድድሩ አዘጋጆች ክፉ መንገድ ፍለጋ ወደ ማሳው ዘልቀው መግባት ግድ ሆነባቸው። በ1968 የአረንበርግን ጫካ መንገድ ያመለከታቸው ዣን ስታብሊንስኪ፥ ቀድሞ ከዚያው ጫካ ሥር በከሰል ማዕድን ውስጥ የሠራ፥ በኋላም የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በኋላ ደግሞ አሮጌው ንጣፍ እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ። መንገዱን ሊያሻሽል የሚሻ ሹምና እንደ ቅርስ ሊያቆየው የሚሻ ወዳጅ የተከራከሩበት ይህ ታሪክ ራሱን የቻለ ድራማ ነው። ሌት ግን ዐይኑን ከተወዳዳሪዎቹ ላይ ስላላነሣ አልነካውም።

ይህ ነቀፋችን ካለንበት ስፍራ የመጣ መሆኑን አንሸሽግም። በአገራችን ገጠር ክረምት ሲገባና ዋልካው ሲለሰልስ፥ ጭቃ ማለት ጫማውን በእጁ ይዞ ትምህርት ቤት የሚደርስ መምህር ነው፤ በቃሬዛ ተሸክመውት የሚያዳልጣቸው በሽተኛ ነው፤ ገበያ ሳይደርስ የሚቀር እህል ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ጭቃው የገቡት ለውድድር አይደለም፤ ማታም የሚጠብቃቸው መታጠቢያ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የባዕዱን ሥዕል አይተው ስለ ገጠራችን ጭቃ ውብ ቃል ሊደረድሩ ለሚነሡ ወጣት ጸሐፊዎቻችን አንድ ምክር አለን። ይኸውም ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት፥ ያ ሰው ወደ ጭቃው የገባው ወድዶ ነው ወይስ ተገድዶ፥ ማታስ በምን ይታጠባል ብለው ይጠይቁ።

የሆነ ሆኖ «እሑድ በሲኦል» ሊታይና ሊጠና የሚገባው ፊልም ነው። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩት፥ በተለይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክፍል ደጋግመው ቢያሳዩአቸው፥ ስለ ድካምና ስለ ሐቀኛ ዐይን ብዙ ትምህርት ይገኝበታል። የውድድሩ አሸናፊ የሚሸለመው አንድ የመንገድ ድንጋይ ነው። ነጂው ድንጋዩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መንገዱ ግን ሰኞ ማለዳ በሬውንና ትራክተሩን ይዞ ለሚወጣው ገበሬ ይቀራል። ስለዚህ ሰኞ ደግሞ ሌላ ፊልም እንዲሠራ እንመኛለን።