የእጅ ብልኃትና የዓይን እውነት፤ «አታናርጁዋት» ስለተባለው ፊልም
የአንድን ሕዝብ ኑሮ ለዓለም ሊያሳይ የሚገባው ማን ነው? ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነውን፣ ወይስ በኑሮው ውስጥ የተወለደ ባለቤት? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚረዱ ሁለት ፊልሞች አሉ፤ ሁለቱም የሚናገሩት በካናዳ ሰሜን፣ ባሕሩ በብርድ በሚረጋበት አገር ስለሚኖሩት ስለ ኢኑይት ሰዎች ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ፊተኛው ሮበርት ፍላኸርቲ የተባለ አሜሪካዊ በ1922 ያወጣው «ናኑክ የሰሜኑ» ነው። የሥራውን ውበት የሚክድ የለም። ነገር ግን ናኑክ የተባለው ሰው እውነተኛ ስሙ አላካሪያላክ ነበረ፤ አዳኞቹም ጠመንጃ እያላቸው እንደ ቀደሙት አባቶቻቸው በጦር ብቻ እንዲያድኑ ተደረገ፤ ለካሜራው ብርሃን እንዲገባም የበረዶው ቤት በአንድ ወገን ክፍት ሆኖ ተሠራ። ይህ ሁሉ ለተመልካቹ አልተነገረውም።

ሁለተኛው በ2001 የወጣው «አታናርጁዋት፣ ፈጣኑ ሯጭ» ነው። አዘጋጁ ዘካርያስ ኩኑክ አስቀድሞ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ፤ በ1981 የጠረባቸውን ምስሎች ሸጦ በዋጋቸው ካሜራ ገዛ። የሚኖርባት የኢግሉሊክ መንደርም በራሷ ቋንቋ የሚናገር ነገር ስላልነበረበት ቴሌቪዥንን ሁለት ጊዜ አልቀበልም ያለች ናት። የድርሰቱ ጸሐፊ ፖል አፓክ የጥንቱን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ሰብስቦ ጻፈው፤ ሥራው ሳይፈጸም ግን በ1998 ዐረፈ። ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው በኢኑይት ቋንቋ ሲሆን፣ በካን ከተማ ለመጀመሪያ ሥራ የሚሰጠውን የወርቅ ካሜራ ሽልማት ተቀበለ።

የዚህ ፊልም ዋና ኃይል የእጅ ሥራው ጌጥ አለመሆኑ ነው። ከአጋዘንና አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ልብሱን የሰፉት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ በበረዶው ቤት የሚበራው የስብ መብራትም ለፊቶቹ ጥላና ሕይወት ይሰጣል። ከሁሉ ይልቅ ታሪኩ ራሱ የቆመው በእጅ ጥበብ ላይ ነው። አታናርጁዋት ወንድሙ ሲገደል ራቁቱን በባሕር በረዶ ላይ ሮጦ ያመልጣል፤ ኋላም የበረዶ ቤት ሠርቶ ወለሉን እንደ መስተዋት ያለሰልሳል፣ ከእግሩ በታች የአጋዘን ቀንድ አስሮ እርሱ ሲቆም ጠላቶቹ ይንሸራተታሉ። በረዶን የማያውቅ ደራሲ ይህን ሊያስብ ባልቻለም ነበር።

ጉድለቱን ሳንናገር ብናልፍ ግን የሐያሲ ወግ አይሆንም። በመጀመሪያው ክፍል የሰዎቹ ስምና ዝምድና ስለሚደራረብ፣ እንግዳ ተመልካች ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይለይ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ፊልሙም ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ስለ ፍጻሜው ነው። በጥንቱ ታሪክ ሯጩ ጠላቶቹን ገድሎ ይበቀላል። በፊልሙ ግን ዱላውን ከጠላቱ ራስ አጠገብ በበረዶው ላይ ይሰብርና መገዳደሉ በዚህ ይብቃ ይላል፤ ሽማግሌይቱም ይቅርታ ከተናገረች በኋላ በደለኞቹ ከመንደሩ እንዲወጡ ይፈረድባቸዋል። እንግዲህ ፍላኸርቲን ስለ ለወጠው ነገር ነቅፈን ኩኑክን እናመስግነውን? ልዩነቱ እንዲህ ነው። ፍላኸርቲ የጊዜውን ኑሮ አሳያለሁ ብሎ ጠመንጃውን ሸሸገ። ኩኑክ ግን የወገኑን ተረት ለወገኑ ልጆች ሲተርክ፣ ደም በደም እንዳይመለስ መምከሩ የተራኪ ሥልጣን ነው፤ ምሕረቱም ፍርድን አላስቀረም። ቢሆንም የሽማግሌዎቹ መራራ ፍጻሜ እንዳይረሳ፣ ከፊልሙ ጎን በቃል መነገሩ ሊቀር አይገባም።

ደግሞም ፊልሙ ሲያበቃ ሠራተኞቹ በዛሬ ልብሳቸው፣ ካሜራቸውን ይዘው በበረዶው ላይ ሲሠሩ ይታያሉ። ካሜራውን ከያዙት አንዱ ኖርማን ኮን ከኒውዮርክ የመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ለጠየቅነው መልሱ ትውልድ ብቻ አይደለም፤ እንግዳም ቢሆን የባለቤቱን ቃል ሰምቶ ቢያገለግል ይረባል። የሚጎዳው እጁን ሸሽጎ ሥራውን እንደ ተፈጥሮ የሚያቀርብ ነው፤ እጁን የሚያሳይ ብልኃተኛ ግን ተመልካቹን አያታልልም።