«ቀይ ማይት» የሚለውን መለያ ስለ መንቀፍ

ከሜዳ የሚመጡትን የናሙና ጠርሙሶች ስንመረምር፥ በብዙዎቹ ላይ «ቀይ ማይት» ከሚለው በቀር ሌላ ቃል አናገኝም። ማይት የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ የሆነች፥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር የማትበልጥ ፍጥረት ናት። ይህን አጻጻፍ እንነቅፋለን። ናሙናው በአልኮል ውስጥ ሲቆይ ቀይነቱ ይጠፋልና፥ ወረቀቱ የሚመሰክረው ነገር ከጠርሙሱ ሲታጣ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ምኑን ይመርምር?

ደግሞም ቀይነት የአንድ ወገን ምልክት አይደለም። ከዝናብ በኋላ በመሬት ላይ የምትታየው፥ ገላዋ እንደ ከፈይ የለሰለሰው ትልቋ ማይት ከትሮምቢዲየም ወገን ናት። በድንጋይና በሲሚንቶ ላይ የምትሯሯጠው ባላውስቲየም ትባላለች። ብሪዮቢያን የሚለዩዋት እጅግ የረዘሙት የፊት እግሮችዋ ናቸው። የዶሮዋ ዴርማኒሰስማ ደም ካልጠጣች ግራጫ ናት፤ ቀይ መባልዋ ከዶሮዋ የተበደረችው ነው።

የቀለምን ማስረጃነት ከሁሉ ይልቅ የምታፈርሰው ግን ቴትራኒከስ ኡርቲኬ ናት። ኮኽ በ1836 እ.ኤ.አ. ሰየማት፤ ቧዱቫል በ1867 እ.ኤ.አ. ቀይዋን ሲናባሪነስ ብሎ ለብቻዋ ስም ሰጣት። ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት አረንጓዴዋንና ቀይዋን እንደ አንድ ዝርያ ይቈጥሩዋቸዋል። በዚህ ወገን ዝርያን ለይቶ ለመናገር የወንዱን ብልት በጎን አስተኝቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል፤ ሴቶችን ብቻ የሰበሰበ ሰው እርግጠኛ ስም ለመስጠት ይቸገራል።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። ይህችው ቴትራኒከስ በሀገራችን የጽጌረዳ እርሻዎች ብርቱ ጠላት ናት። እርስዋን እያደነች የምትበላው ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስም ቀላ ያለች ናት። ጠላቲቱ ከቅጠሉ ሥር ድር እየሠራች ዝግ ብላ ትኖራለች፤ ወዳጂቱ የጠብታ ቅርጽ ያላት፥ የምታብለጨልጭና ፈጣን ናት። ቀይ ያየውን ሁሉ በመድኃኒት የሚረጭ ሰው ጠባቂውን ይገድላል።

ስለዚህ ማይቲቱ በሕይወት ሳለች አካሄድዋ፥ ጠጉርዋ፥ የእግሮችዋ ርዝመትና ቍጥር፥ የተገኘችበትም ተክል ወይም እንስሳ ይጻፍ። ቍጥሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእንቍላል የወጣችው እጭ እግርዋ ስድስት ስለሆነ፥ አንዳንዱ ከነፍሳት መደብ ያስገባታል። በጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ የሚሰበስብ ተማሪ ማይክሮስኮፕ እንደማይዝ እናውቃለንና የዝርያ ስም አንጠይቀውም። «ከትሮምቢዲየም ወገን፥ ዝርያዋ ያልተለየ፥ ከዝናብ በኋላ በሣር ሥር» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ በቂ ነው።